ጦስኝ፣ ጋዜጣውና የአንድ ልጅ ጆሮ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ የአበሻ ሱቅ እንጀራ ልገዛ ገብቼ፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ የተደረደሩ ትንንሽ ጠርሙሶች ዓይኔን ሳቡት። ላያቸው ላይ «ንጹህ የጦስኝ ዘይት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም፦ «ባክቴሪያን እንደሚገድል በሳይንስ የተረጋገጠ። ለጉንፋን፣ ለሳል፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለጨጓራ።» ዋጋው 25 ዶላር ነው። ባለሱቋን «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ማን ነው ያረጋገጠው?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ድሮ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጥቷል እኮ» አለችኝ።

ጠርሙሱን መልሼ አስቀመጥኩና ዝም ብዬ ወጣሁ። ጋዜጣ ላይ መውጣቱን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ያወጣሁት እኔ ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ የአገር ውስጥ ዜና አዘጋጅ ነበርኩ። (የጋዜጣውን ስም ልተወው። ጥፋቱ የኔ ነው።) የመንግሥት ጋዜጣ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጠዋት ጠዋት የምንፈልገው ዜና ሳይሆን «ተመረቀ»፣ «ተገለጸ»፣ «ተረጋገጠ» የሚሉ ሦስት ግሦችን ነበር። ከሦስቱ አንዱን ያልያዘ ወሬ ለፊት ገጽ አይበቃም። አንዲት ወጣት ዘጋቢያችን ታዲያ አንድ ቀን ከአንድ የጥናት ስብሰባ ተመልሳ ጥሩ ጽሑፍ ይዛ መጣች። የጦስኝና የሌሎች ጥቂት ዕፅዋት ጭማቂ በላቦራቶሪ ሲፈተሽ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ዕድገት እንደገታ፣ ነገር ግን በእንስሳትም በሰውም ላይ ገና እንዳልተሞከረ፣ መጠኑም እንደማይታወቅ በጥንቃቄ ጽፋለች። እኔ ምን አደረግሁ? «ጦስኝ ባክቴሪያን እንደሚገድል ተረጋገጠ» ብዬ ርእስ ሰጠሁት። የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች፣ ማለትም «ገና አልተሞከረም» የሚሉትን፣ ቆረጥኳቸው፤ የአንድ ባለሥልጣን የመስክ ጉብኝት ቦታ ፈልጎ ነበርና። ልጅቷ በማግስቱ መጥታ «ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም እኮ» አለችኝ። «ያው ነው» አልኳት።

ያው አልነበረም።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው ደውሎ አንድ ሰው በር ላይ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። ወርጄ ሳይ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ሰባት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጁን በእጁ ይዟል፤ በሌላው እጁ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈውን የኛን ጋዜጣ። የልጁ ጆሮ መግል ማፍሰስ ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ጤና ጣቢያ ወስዶት ጠብታና እንክብል ታዞለት ነበር፤ ገንዘቡን በማሰባሰብ ላይ ሳለ ጎረቤቱ ጋዜጣውን አነበበለት። እሱም የመድኃኒቱን ነገር ትቶ ጦስኝ እያፈላ፣ ጭማቂውን እያጠለለ በልጁ ጆሮ ሲያንጠባጥብ ከረመ። ሰውዬው ሊከሰኝ ወይም ሊወቅሰኝ አልመጣም። የመጣው ለጥያቄ ነው። «ጌታዬ፣ ጋዜጣው ስንት ቀን እንደሚደረግ አይናገርም። አሁን ስንት ቀን ልጨምር?» አለኝ። እኔ ስናገር ልጁ አንገቱን እያዞረ ግራ ጆሮውን ያቀብለኝ ነበር።

ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሰጥቼ ሆስፒታል ሰደድኳቸው። በኋላ እንደሰማሁት ቀኝ ጆሮው አልተመለሰም። ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» ብሎ ነበር አሉ። እርማት እናውጣ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ። «በአገር በቀል ዕውቀት ላይ ጥርጣሬ መንዛት ይሆናል» ተባልኩ። እኔም አልተሟገትኩም። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ተሟግቼ ነው አገር ጥዬ የወጣሁት፤ ሰዎች ስለዚያኛው ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እናገራለሁ። ስለዚህኛው ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመሆኑ ጦስኝ ባክቴሪያ ይገድላል ወይ? አዎን፣ ይገድላል። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ሁለት ዓይነት ጦስኝ አለው፤ በሸዋ፣ በወሎ፣ በባሌ፣ በሰሜኑ ተራሮች ብርድ ላይ መሬት ለመሬት ተንጠፍጥፎ የሚበቅል፣ ሲረግጡት ሽታው ከጫማ ጋር ቤት የሚገባ ቅጠል ነው። (በሳይንስ ስሙ አንደኛው የሚጠራው በጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ በሺምፐር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ የሞተው ሰውዬ። የመንዝ ሴቶች ስም ያወጡለትን ቅጠል ዓለም በሱ ስም መዘገበው።) በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት በአብዛኛው ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮችን የያዘ ነው። እነዚህ የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ያሳሳሉ፣ ይሸነቁራሉ፤ ውስጡ ያለው ነገር ይፈስና ባክቴሪያው ይሞታል። ታይሞል ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ካስፓር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1719 ከአውሮፓው ጦስኝ አንጥሮ አውጥቶታል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየፋርማሲው የሚሸጠው ሊስትሪን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫም ታይሞል አለበት። እናቶቻችን ለጉሮሮና ለሳል ጦስኝ ሲያፈሉልን ዝም ብለው አልነበረም።

ነገር ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደረገው ምን እንደሆነ እንወቅ። ባክቴሪያ በመስታወት ሳህን ላይ ይዘራል፤ በጭማቂው ወይም በዘይቱ የራሰች ክብ ወረቀት መሐሉ ላይ ትቀመጣለች፤ በማግስቱ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ክብ ከታየ በማስመሪያ ይለካል። ይኸው ነው። በዚህ ሳህን ላይ ኮምጣጤም ባክቴሪያ ይገድላል፤ አረቄም ይገድላል፤ በረኪናማ ከሁሉም በላይ ይገድላል። ጥያቄው ሰውን ሳይጎዳ፣ በሰው ደም ውስጥ፣ በቂ መጠን ይዞ በሽታው ካለበት ቦታ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ታይሞልን ስንውጠው ጉበት ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጠውና በሽንት ያስወጣዋል። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ታይሞል አስውጠው ደማቸውን ሲመረምሩ ያገኙት ይህን የተለወጠውን እንጂ ራሱን ታይሞልን አልነበረም። እንግዲህ በሳህኑ ላይ የገደለው አንድ ነገር፣ ደም ውስጥ የሚዞረው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሲኒ ሻይ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከመቶ ግራም ደረቅ ቅጠል በማንጠር የሚገኘው ዘይት እንኳን ጥቂት ግራም ነው። ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ አክታ ያቀላል፣ ደስ ይላል። የሳንባ ምች ግን አያድንም።

የሸማኔው ልጅ ጆሮስ? በቀጥታ ነው የተንጠባጠበበት፣ ጉበት መሐል አልገባም። ይህን ለማወቅ እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ብዙ አነበብኩ። ለወራት በሚመግል ጆሮ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሱዶሞናስ የውጭ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ የጦስኝ ዘይት በሳህኑ ላይ እንኳን ብዙም አይደፍረውም። ስታፊሎኮከስን በደንብ ያጠቃል፣ ሱዶሞናስን ግን ይተዋል። በዚያ ላይ ያልተበረዘ ዘይት የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚያቃጥል የሰውንም ስስ ቆዳ ያቃጥላል። ያቺ ዘጋቢ በቆረጥኩት አንቀጽ ውስጥ «አንዳንድ ባክቴሪያዎችን» ብላ ነበር። «አንዳንድ» የምትለዋን ቃል ያጠፋኋት ለርእሱ ስለረዘመች ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለንስሐ ብቻ አይደለም። በጦስኝ ላይ የሠራሁትን ሁላችንም በየፊናችን እየሠራነው ስለሆነ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገና ሲገባ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከባህል ሐኪሞች ጋር የተሠራ መድኃኒት የላቦራቶሪ ፍተሻ አልፎ ወደ ሙከራ ሊገባ ነው ብሎ መግለጫ ሰጠ። ትዝ ይላችኋል? እዚህ ያለነው ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። መንግሥትን የሚደግፈው «ኢትዮጵያ ዓለምን ልታድን ነው» ብሎ ጮቤ ረገጠ፤ የሚቃወመው ደግሞ «ደብተራ ሊያክመን ነው» ብሎ አላገጠ። ሁለቱም ወገን የዕፁን ስም አልጠየቀም። በየትኛው ላቦራቶሪ፣ በምን ተህዋስ ላይ፣ በምን መጠን ብሎ የጠየቀ ሰው ባነበብኳቸው ገጾች ሁሉ አላጋጠመኝም። መንግሥት በዚያች የፍርሃት ሳምንት የፈለገውን ጭብጨባ አገኘ፤ እኛም የፈለግነውን ጠብ አገኘን። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ ሲሸጥ አላየንም፤ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀም የለም። በሚያዝያ የማዳጋስካሩ ፕሬዚዳንት አርቲሚዥያ ያለበትን መጠጥ በቴሌቪዥን ፊት ሲጨልጡ ደግሞ ደጋፊውም ተቃዋሚውም አብሮ አጨበጨበ።

አርቲሚዥያን ካነሳን አይቀር፣ የቻይናዋን የቱ ዩዩን ሥራ ማየት ያስፈልጋል፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያገኘችውን ማለቴ ነው። የኛ ሰዎች «እንግዲህ የባህል መድኃኒት ኖቤል አስገኘ» ሲሉ እሰማለሁ። ሴትየዋና ባልደረቦቿ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ጭማቂዎችን በወባ በታመሙ አይጦች ላይ ሞክረው አብዛኞቹን ጥለዋል። አርቲሚዥያውም መጀመሪያ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ ብሏቸው ነበር። ቱ ዩዩ አንድ የአራተኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ይጨመቅ ማለቱን ልብ አለች፤ አለመፍላቱ ነው ቁም ነገሩ፣ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ነው ብላ፣ በ1971 (እ.ኤ.አ.) በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በሕመምተኛ ከመሞከሩ በፊት ራሷ ዋጠችው። ዛሬ በኢትዮጵያ ገጠር የወባ ታማሚ የሚውጠው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው። መጽሐፉን አክብራዋለች፤ ግን አላመነችውም፤ ፈተነችው።

እኛስ ሰው አጥተን ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ አልነበሩንም? እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሌላው ሰው ያልፈዋል። እሳቸው ግን ቀንድ አውጣዋ ቢልሃርዚያን እንደምታስተላልፍ ያውቁ ነበርና ዕድሜ ልካቸውን ሰጡት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። የምዕራቡ ባለሙያዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ላቦራቶሪ ውጤት ደረጃውን ስላልጠበቀ አንቀበልም አሏቸው። ደረጃውን የጠበቀ ላቦራቶሪ ለማቆም ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ አልተገኘም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የስዊድን ሽልማት አገኙ። በኋላ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ እንዶድ ሌላ የውኃ ቀንድ አውጣ መሰል ተባይ ለማጥፋት የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዶክተር አክሊሉ በ1997 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አሜሪካ አረፉ።

ስለ ባለቤትነት መብቱ ብዙ ጽፈናል፣ ጮኸናል፤ ልክ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያ ያነሰ የሚወራለት ነገር ነው፤ ከሳህኑ ወደ እንስሳው፣ ከእንስሳው ወደ ሰው የሚወስደው ረጅም፣ አሰልቺ፣ ገንዘብ የሚበላ መንገድ በሦስት መንግሥታት ዘመን የተሠራለት አለመሆኑ። «ሰማንያ በመቶው ሕዝባችን የባህል መድኃኒት ተጠቃሚ ነው» የምትለዋን አኃዝ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳተምኳት አላስታውስም። ለአሥርት ዓመታት አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ የኖረች አኃዝ ናት፤ እንዲህ ያለ የጸና ነገር በአገራችን ሌላ አላውቅም። ሰማንያ በመቶ ከሆነ፣ የጤና በጀቱስ ስንት በመቶው ለዚህ ምርምር ነው? ይህን በጋዜጣዬ አልጠየቅሁም።

እዚህ ውጭ ያለነውም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ በፌስታል የተቋጠረ ጦስኝና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊን። «እዚህ ዶክተሩ አይሰጥም፣ እዚያ እንደ ከረሜላ ነው» እንላለን። ጉንፋን ሲይዘን ሦስት ቀን ውጠን ሲሻለን ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። ጉንፋን ግን ከቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የሚነካው በሰውነታችን ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው፤ ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ይተዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ኖቤሉን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። በ2022 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በ2019 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ጦስኝን የመሰሉ ዕፅዋት ዋጋ ያላቸውም ስለዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ያሉንን መድኃኒቶች እየለመዱ ስለሄዱ ሳይንስ አዲስ ነገር በየጋራው እየፈለገ ነው። ምናልባት ከጦስኝ ለቁስል የሚሆን ቅባት ይወጣ ይሆናል፤ ምናልባት ከነባር አንቲባዮቲክ ጋር ተዳብሎ ያግዝ ይሆናል። «ተረጋገጠ» ብለን ከዘጋነው ግን የሚፈልገው የለም። ያለቀ ሥራ ላይ ማን ገንዘብ ያወጣል?

«ታዲያ ሕዝቡ ምን ያድርግ፣ ሐኪም የለው፣ መድኃኒት የለው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቀሰቀሰው ጦርነት ስንት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አልባ ሆኖ እንደቀረ ከቤተሰብ እንሰማለን። ሰው ጦስኝ የሚያፈላው አማራጭ አጥቶ ሲሆን፣ ያን ማጣት «አገር በቀል ዕውቀት» ብሎ ማወደስ ለገዥ ይመቻል። ሸማኔው ጦስኝ ያንጠባጠበው በቅርሱ ሊኮራ ፈልጎ አልነበረም። የጠብታው ዋጋ ከእጁ ስለበለጠና የመንግሥት ጋዜጣ በነጻ ስላስታገሠው ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ከመንዝ ጦስኝ ተላከልኝ። ታላቅ እህቴ ናት የላከችልኝ፤ ሰው እጅ ለእጅ አቀባብሎት፣ ሁለት ወር ፈጅቶ። ፈትቼ ሳየው ቅጠሉ ከነሥሩ ነው፤ አፈሩ እንኳን አልረገፈም። እኛ ልጆች ሳለን ጦስኝ በጣት ከላይ ከላይ ይቀነጠስ ነበር እንጂ አይነቀልም። በጓሳ፣ በመንዝ ሰማይ ሥር ያለው ያ ሰፊ የሣር አገር፣ ከጥንት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው (ከዛሬው የፖለቲካ ቃል ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ሕዝቡ ራሱ አለቃ መርጦ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ በአንድ ቀን ከፍቶ ያጭድ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ቆይቶ በሌላ መልክ መልሶ ጥብቅ አደረገው። ከጥብቁ ውጭ ያለው ጋራ ግን ጠባቂ የለውም፤ የከተማው ነጋዴ በኩንታል ይፈልጋል።

ስልክ በሠራ ቀን ደወልኩላት። «እትዬ፣ ለምንድን ነው ከነሥሩ የሚነቅሉት?» አልኳት።

«መቀንጠስ ቀን ይፈጃል፤ ነጋዴው የሚከፍለው በኪሎ ነው፣ አፈሩም ይመዝናል» አለች። «ደግሞ ታች ያለው አልቋል። አሁን ልጆቹ እላይ፣ ብርዱ ጋ ነው የሚወጡ። ላንተ የላክሁትን ያመጣው የጎረቤት ልጅ ሳል ይዞት ተኝቷል።»

«ምን ሰጣችሁት?» አልኳት።

ስልኩ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ መልሼ አላገኘኋትም።